ከአልሐምዱሊላህ በኋላ

ኻላ ነፊሳ መሞታቸውን የነገረችኝ ሐናን ናት። ከጅዳ ስትደውል እኔ ኮምቦልቻ ሱቄ ውስጥ ከአንድ ሚስማር ገዢ ጋር ዋጋ እየተከራከርኩ ነበር። «ሰይድ፣ ኻላ ኸላስ» አለችኝ። ሐናን ጅዳ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ሲጨንቃት አማርኛው ያልቅባታል። «ኻላ» አክስት ነው፤ «ኸላስ» ማለት «አለቀ» ነው፤ ለደሞዝም፣ ለሽንኩርትም፣ ለሰውም እዚያ አገር የሚያገለግለው ይኸው አንድ ቃል ነው። ሚስማሩን ሰውየው ባለው ዋጋ ሰጥቼ ሸኘሁት። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ምን ያህል እንደደነገጥኩ ይገባቸዋል።

በሞታቸው ቅሬታ የለኝም። አርጅተው፣ መካ ዑተይቢያ ሰፈር በገዛ ክፍላቸው፣ በገዛ አልጋቸው፣ ሸሃዳ የሚያስይዝ ሰው አጠገባቸው እያለ ነው የሞቱት። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይመኛል? እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ኻላ ነፊሳ ዕድሜያቸውን በሙሉ እንዲህ ያለ ሞት ላልደረሳቸው ልጆች ሲናደዱ ኖረው፣ ንዴታቸውን የሚረከብ ሰው ሳያስቀምጡ ሄዱ። የተሻለ ሰው ስለጠፋ እንግዲህ እኔው ልናደድላቸው።

ጅዳ የነበረኝ ሱቅ ሰቢል ሰፈር ነው። ጊዜው ኤጀንሲዎቹ ለቤት ሠራተኝነት ሴት ልጅ በአውሮፕላን ሙሉ እያመጡ የሚያራግፉበት ዘመን ነበር። በርበሬና ሽሮ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ የስልክ ካርድ እሸጣለሁ፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ካርቶን አሽጌ እልካለሁ። ከሁሉ በላይ የሚሄድልኝ ግን የራስ ምታት ኪኒንና የወገብ ቅባት ነበር። ነጋዴ ሸቀጡ ሲሄድለት አላህን አመስግኖ ዝም ይላል። እኔ ግን ያደግኩት ገበያ መሀል ነውና ዕቃ ለምን እንደሚሸጥ ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ገና ጡቷ በቅጡ ያልወጣ፣ ፓስፖርቷ ላይ ዕድሜ የተጨመረላት ልጅ የወገብ ቅባት ምን ያደርግላታል? ብጠይቃት መልሱን አውቀዋለሁ። «ደህና ነኝ አያ ሰይድ፣ አልሐምዱሊላህ» ነው የምትለኝ።

ኻላ ነፊሳ የወረባቦ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለሐጅ መጥተው በዚያው ቀሩ፤ መካ የከተመ የሐበሻ ዘር ያለው ሰው አገቡ፣ ወረቀታቸው ተስተካከለ፣ ባላቸው ሞተባቸው። ሥራቸው የሴት ሬሳ ማጠብ ነበር። አርብ አርብ ኑዝላ ያለችውን የእህታቸውን ልጅ ሊጠይቁ ጅዳ ይመጡና ሲመለሱ በርበሬ ሊገዙ እኔ ዘንድ ጎራ ይላሉ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ፤ እጃቸው ሁልጊዜ ሬሳ የሚቀባበትን ካፉር ካፉር ይሸታል። ልጆቹ ደግሞ የዚያን ሽታ ትርጉም ያውቁታል። እሳቸው በረንዳዬ ላይ ወንበር ስበው ሻይ የያዙ ቀን አንዲት ሴት ወደ ሱቄ ዝር አትልም። ማዶ ቆመው አይተው አይተው ይመለሳሉ። ገበያዬን ገደሉት።

«ኻላ» አልኳቸው አንድ ቀን፣ «እዚህ ፀሐይ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ካርቶኖቹ ላይ አረፍ ይበሉ።»

«ፀሐዩ ለኔ አሳስቦህ ነው?»

«አዎ።»

«ውሸታም ነጋዴ» አሉኝና ብርጭቆዋቸውን ይዘው ገቡ።

እንግዲህ ያ የመጋረጃ ጀርባ ነው በኋላ የሰቢልና የኑዝላ ሴቶች ሁሉ የሚያውቁት ቦታ የሆነው። እኔ ያደረግኩት ለገበያዬ ነው፤ ሰዎች እንደ ጽድቅ ሲቆጥሩልኝ አላረምኩም።

ነገሩ የጀመረው አንዲት ልጅ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ኪኒን ልትገዛ ገብታ፣ ቆማ መጠበቅ አቅቷት ከመጋረጃው ጀርባ በተቀመጠች ጊዜ ነው። ኻላ ነፊሳ እዚያ መኖራቸውን አላወቀችም። እኔ መጋረጃው ሲዘጋ የማልሰማ ሰው ሆኜ ሚዛኔን እወለውላለሁ።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?» አሏት።

«ኬፍ ሓሊክ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠይብ፣ ጥሩ ነው አለና ኪኒን ጻፈልኝ።»

«ደም እየፈሰሰሽ መሆኑን አልነገርሽውም?»

«ኧረ ኻላ፣ ወንድ ነው እኮ። ደግሞ እንዴት ነሽ ሲለኝ ምን ልበለው? አልሐምዱሊላህ ነዋ የሚባለው።»

ካርቶኖቹ ሲንኮሻኮሹ ሰማሁ፤ ኻላ ጠጋ ብለዋት መሆን አለበት።

«ስሚኝ ልጄ» አሏት። «ምስጋናው የአላህ ነው፤ ማንም አይቀማውም። መልሱ ግን የሐኪሙ ነው። አንቺ ሁለቱንም ለአላህ ሰጥተሽ ሐኪሙን ባዶ እጁን ላክሽው።»

ያን ቀን ራሳቸው ይዘዋት ተመለሱ። አክስቷ ነኝ ብለው አብረዋት ገቡ። ሐኪሙ እንደገና «ኬፍ ሓሊክ» ሲል፣ ልጅቱም እንደገና «አልሐምዱ…» ስትል፣ በጫማቸው ጫፍ ቁርጭምጭሚቷን ነካ አደረጓት። ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች፤ ከዚያ ተናገረች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ በማግስቱም አልሞተችም፤ የካፉር ሽታ የሚፈሩት ሁሉ ይህን አይተው መምጣት ጀመሩ። ስማቸውም «ከዚያስ» ሆኖ ቀረ። «ዛሬ ከዚያስ አለች?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔም «ከጀርባ ናቸው፣ ግቢ» እላለሁ። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲሆኑ «አለች»፣ ፊት ለፊት ሲሆኑ «አሉ» ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ አልሐምዱሊላህ የሚሉት ቃል እኮ አገር ምድሩን ሁሉ የሚጠቅም ቃል ነበር። እናት በስልክ «ልጄ እንዴት ነሽ» ትላለች፤ አልሐምዱሊላህ። እናት ተኛች። ማዳም ትጠይቃለች፤ አልሐምዱሊላህ። ማዳም ሐኪም ቤት ከመሄድ ተረፈች። ከፊል የሚባለው ቀጣሪው ይጠይቃል፣ ኢቃማዋ፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀቷ፣ በሱ ኪስ ነው፣ ያለ ኢቃማ ደግሞ የሐኪም ቤት በር አይከፈትም፤ አልሐምዱሊላህ። ከፊሉም ዳነ። ኤጀንሲው አዲስ አበባ ተቀምጦ «ሁሉም ደህና ናቸው» ይላል። ከልጅቱ በቀር ያ ቃል ያልጠቀመው ሰው አልነበረም። በአላህ ስም የተመሰገነውን ማን ደፍሮ «ውሸት ነው» ይላል? ኻላ ነፊሳ ደፈሩ፤ ያውም ሰላታቸው የማያልፋቸው፣ የመካው ትልቁ መስጊድ፣ የሐረም ደጃፍ የሚኖሩ ሴት።

ሐናን የመጣችው በዚያን ሰሞን ነው። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የጥናቷ ርዕስ የቤት ሠራተኞች የሴቶች ጤናና ሕክምና የማግኘት ነገር ነው። ሴቶቹ የሚሰበሰቡት እኔ ዘንድ ነው ብለዋት ነው የመጣችው። አማርኛዋ ዐረብኛው ላይ የተሰፋ ነው፤ «አንቱ» የሚባል ነገር አታውቅም፣ ኻላ ነፊሳንም «አንቺ ኻላ» ነው የምትለው። እሳቸው ይህን ይወዱላት ነበር። «ቢያንስ ይቺ የምታስበውን ነው የምትናገረው» ይላሉ።

አርቡን ሙሉ ስትጠይቅ ዋለችና ማታ ፊቷ ጨፍግጎ መጣች።

«ሰይድ፣ ሙሽኪላ አለ። ጤናሽ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩ፤ ኩሉሁም ደህና ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አልሐምዱሊላህ ይሉኛል።»

«እንግዲያው እኔ ኪኒን የምሸጠው ለማን ነው? ለግመሎች?»

ኻላ ነፊሳ ከመጋረጃው ጀርባ ወጡ። «እንዴት ነሽ አትበያቸው» አሏት። «እንዴት ነሽ ሰላምታ ነው። የት ነው የሚያምሽ በያቸው።»

ሐናን ጥያቄውን ቀየረች። በቀጣዩ አርብ ሱቄ ውስጥ የተሰማውን ሁሉ ልጽፈው አልፈልግም። ወገብ፣ ማሕፀን፣ ጡት፣ ኩላሊት፣ የወር አበባ ከቆመ የሰነበተ፣ የወር አበባ አልቆምም ያለ። አንዷ ሆዷ አብጦ ማዳሟ «ከማን አረገዝሽ» ብላ ክፍል ቆልፋባታለች፤ እርግዝና አልነበረም። ሐኪም ቤት ብትሄድስ? ያላገባች ሴት በሆድ ነገር ሐኪም ቤት ስትሄድ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ የት ያምሻል ሳይሆን ባልሽ የታለ ነው። ይህን ስለምትፈራ አትሄድም። ባትሄድ ዕጢው ያድጋል። ሲያድግ እርጉዝ ትመስላለች። ስትመስል ይባስ ትፈራለች። እኔ ብዙ ዓይነት ኪሳራ አይቻለሁ፤ እንዲህ ሰውን ከየትኛውም ወገን የሚያከስር ግን አላየሁም።

ሐናን ያን ቀን ኻላ ነፊሳን አንድ ነገር ለመነቻቸው። «ኻላ፣ አንቺ ሬሳ ታጥቢያለሽ። ምን ምን በሽታ እንዳየሽ ንገሪኝ። ስም አልፈልግም። ለዒልም ነው፣ ለጥናቱ።»

«አልነግርሽም።»

«ለይሽ? ለሌሎቹ ይጠቅማል እኮ።»

«የሬሳ ገላ አማና ነው፣ አደራ ነው» አሉ። «የሚያጥብ ሰው ያየውን ቀብሮ ነው የሚወጣው። ክፉ ቢያይ ይሸፍናል። በሕይወት እያለች ፀጉሯን ሰው እንዳያይባት የተሸፈነች ልጅ፣ ሞታ እኔ ልገልጣት?» ሻያቸውን አስቀመጡ። «እኔ የሚያቃጥለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በሕይወት እያለች መንገድ ተሻግሮ ያለ ሐኪም ቤት የነፈጋት ሰው፣ ስትሞት ግን ሐረም ይሰገድባት ብሎ ከጅዳ መካ ድረስ በመኪና ያመጣታል። አጅር፣ የአላህን ምንዳ ፈልጎ። እሱ ከፊት ለፊቴ አጅር ይቆጥራል፤ እኔ እሷን አገላብጬ ማየት የሌለብኝን አያለሁ፤ አፌ ደግሞ ተለጉሟል። ስለዚህ ከሕያዎቹ ጋር ተነጋገሪ። እኔም የምለፋው ለሱ ነው፤ ሬሳ ሆነው እኔ ዘንድ ሳይመጡ እንዲናገሩ።»

ሐናን ሁለተኛ አልጠየቀቻቸውም።

አሁን ወደ ሉባባ ልምጣ። ሉባባ የሐይቅ ልጅ ናት። የምትሠራበት ቤት ማዳም ባብ መካ ገበያ ልብስ ልትገዛ ስትወጣ ሹፌሩ እሷን እኔ ሱቅ ያወርዳታል፤ ማዳሟ እስክትጨርስ ካርቶኗን ታዘጋጃለች። ፈጣን፣ ተጫዋች ልጅ ነበረች። «አያ ሰይድ፣ ይሄ ገመድህ እኮ ከኔ ደሞዝ ቶሎ ይበጠሳል» ትለኛለች። አንድ ቀን ካርቶን ልታነሳ ስትል ክንዷን ደረቷ ላይ አጥፋ ቀረች። ኻላ ነፊሳ በመጋረጃው ክፍተት አዩዋት።

«ነይ እስቲ» አሏት። ገባች። የሆነውን አላየሁም፤ ኻላ ሲወጡ ግን ፊታቸው አመድ ነበር። ጡቷ ላይ እብጠት አለ፤ ከረመዳን በፊት የጀመረ፤ ለማዳሟ ነግራ ማዳሟ ኪኒን ሰጥታታለች።

«ይቺ ልጅ በዚህ ሳምንት ሐኪም ካላያት» አሉኝ፣ አልጨረሱትም።

ሐናን አንዲት ሴት ሐኪም አገኘች፤ «አምጧት፣ እኔ አያታለሁ» ያለች ደግ ሴት። ግን ሆስፒታሉ ኢቃማዋንና የአሠሪዋን ፈቃድ ይፈልጋል። ሁለቱም ያሉት ማዳሟ ቤት ነው። እንግዲህ የዕቃ መኪናዬን አስነስቼ ኻላን ወሰድኳቸው። ካርቶን ለማድረስ የመጣን መስለን በሩን አንኳኳን። ማዳሟ ተሸፋፍና በር ላይ ወጣች። ባልዋ የለም። እኔ ወንድ ስለሆንኩ ፈቀቅ ብዬ ምንም ያልሆነውን ጎማዬን እመረምራለሁ።

«ልጅቱን ሐኪም ልታያት ዝግጁ ናት፤ ክፍያ የለውም፤ ኢቃማዋን ብቻ ስጪን» አሏት ኻላ፣ እንደ መካ ሰው በሚያምር ዐረብኛቸው።

«ምንም የላትም» አለች ማዳሟ። «እነዚህ ሥራ ሲበዛባቸው ይታመማሉ። ራሷን ልጥራልሽ። ሉባባ!»

ሉባባ እጇን እየጠረገች መጣች። ስታየን ዓይኗ ተንከራተተ።

«ሉባባ፣ እንዴት ነሽ? ታመሻል?»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። «አልሐምዱሊላህ፣ ማዳም።»

«አየሽ?» አለች ማዳሟ ወደ ኻላ ዞራ። «ሂጂ ወደ ሥራሽ።» ሉባባ ወደ ኩሽና ተመለሰች።

ኻላ ነፊሳ «ከዚያስ» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም። ማዳሟን ትኩር ብለው እያዩ ቆዩ። ሽፍኗን ሴት ምኗን ነው የሚያዩት ብዬ ገረመኝ። ለካ የሚያዩዋት በጆሯቸው ነው።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አሏት። «መግሰላ መጥተሽ ነበር፣ ሬሳ ከሚታጠብበት በር ላይ ቆመሽ ነበር። ከዚህች በፊት የነበረችውን ልጅ ይዘሽ። ምንም ሳትታመም በእንቅልፏ ሞተች አልሽን።»

ማዳሟ በሩን ገፋ አድርጋ አጠበበችው።

«ያጠብኳት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጠጋ ብለው ያዩትን ነገሯት። ድምፃቸውን ዝቅ ቢያደርጉም እኔ በሱቅ ዕድሜዬ ጆሮዬን በመጋረጃ ነው ያሠለጠንኩት፤ ሰማሁ። ምን እንዳሉ አልጽፈውም። ይህን ያህል ብቻ ልበል፤ በአንድ ሌሊት የሚመጣ ነገር አልነበረም፤ አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር፣ አፍንጫና ዓይን ያለው ሰው ሊያመልጠውም አይችልም።

ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበኝ የማዳሟ መልስ ነው። «ወላሂ?» አላለችም። «አላውቅም ነበር» አላለችም። «ምስኪን» እንኳን አላለችም። ያላት ነገር «ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት ይሰማል» የሚል ነው። ሰው አዲስ ነገር ሲነገረው ይደነግጣል፤ እሷ ግን ዙሪያዋን ነው ያየችው። ገብታ ኢቃማውን አምጥታ በበሩ ክፍተት አቀበለችን። ሉባባንም አስወጣቻት፤ ልጅቱ ማዳሟ ድንገት የራራችላት መስሏት «ሹክረን ማዳም» እያለች ነው መኪናው ውስጥ የገባችው። መሪውን ነክሼ ነው የነዳሁት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ኻላ ሉባባን ለሐናን አስረክበው ወደኔ ዞሩ።

«ሰይድ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው አንተም ያዘው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ሉባባ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። አንድ ጡቷን አጣች፤ ነፍሷን ግን አተረፈች። ሐኪሟ ደጋግማ መምጣት አለባት፣ ሕክምናው ገና ነው አለች። ከፊሉ፣ የማዳሟ ባል፣ ይህን ሲሰማ ያደረገው ኹሩጅ መምታት ነው፤ የመውጫ ቪዛ። የምትታከም ሠራተኛ ምን ታደርግለታለች? ቁስሏ ሳይደርቅ አገሯ ላካት። እሷን የሚተካት ልጅ ከኤጀንሲ መጥታ ኖሮ፣ ሉባባ ክፍሏን ለሷ ስታስረክብ ቁልፉ እንደሚያስቸግር አሳይታት ነው የወጣችው። ቀሪውን ሕክምና ደሴና አዲስ አበባ እየተመላለሰች፣ ወንድሞቿ በሬ እየሸጡላት ጨረሰች።

የሐናን ጥናት አለቀ። መምህሮቿ በጣም አመሰገኑት፤ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገባ። እሷ እንደ ሰው ለፍታበታለች፣ ቅሬታዬ በሷ አይደለም፤ እሷ ዛሬም ሴቶች ይዛ ሐኪም ቤት ትመላለሳለች። ግን አንብቦ አንድ በር የከፈተ ባለሥልጣን መኖሩን እስካሁን አልሰማሁም። ጥናቱ መደርደሪያው ላይ አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።

ኻላ ነፊሳ ከዚያ ቀን በኋላ ሬሳ አላጠቡም። ማንም አላባረራቸውም። ማዳሟ አልከሰሰቻቸውም፤ ምን ብላ ትከሳለች? ራሳቸው ናቸው የተዉት። «ኻላ፣ ሰው አድነዋል እኮ» አልኳቸው። «አዎ፣ አድኛለሁ» አሉኝ። «አማናም በልቻለሁ። አንዱ ሌላውን አያጥበውም።» ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩትን፣ የሚወዱትን፣ አጅሩን ለአኼራ ያስቀመጡትን ሥራ በዚያች በር ላይ ከፍለውት ወጡ። ተጸጽተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «በተጠራሁ ጊዜ ሁሉ እደግመዋለሁ» አሉ፣ ተቆጥተው፤ «ግን ንጹሕ ነኝ ብዬ አልቆምም።» እጃቸው ቀስ በቀስ ካፉር መሽተቱን ተወ። አርብ አርብ መምጣታቸውን ግን አልተዉም፤ እኔ ጠቅልዬ አገሬ እስክገባ ድረስ ካርቶኖቹ ላይ ነበሩ።

መሞታቸው በተሰማ ሳምንት ሉባባ ከሐይቅ ደወለችልኝ። አሁን የምትሠፋበት ሱቅ አላት፤ ሳቋ ያው ነው። አለቃቅሰን ስንጨርስ ጠየቀችኝ፤ «አያ ሰይድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ማዳሜን ምን ብለዋት ነው እንዲያ የራራችልኝ? ለምነዋት ነው አይደል?»

አዎ ብላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። በሽያጭ ላይ ከዚህ የበለጠ ውሸት ዋሽቻለሁ። ግን አዎ ካልኩ ያቺ ሴት ተለምና የራራች ደግ ሰው ሆና በሉባባ ልብ ውስጥ ልትኖር ነው። የሰማሁትን ልንገራት ብል ደግሞ የሌላይቱን ልጅ ገላ ልገልጥ ነው፤ እሱን ያዘው ተብያለሁ።

«አልለመኗትም» አልኳት። «እሷም አልራራችልሽም። የቀረውን አትጠይቂኝ፤ ይህን ግን እወቂ። ኻላ ማንንም አልለመኑም።»